የነቀልኩት ሐውልት

ባለፈው ዓመት የመካነ ሰላም ጥንታዊ ሐውልቶችና መታሰቢያዎች ተፈልገው ይመዝገቡ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔንም አስገቡኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ ብዙ ታውቃለች ብለው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከኮሚቴው ሰው ሁሉ በዕድሜ ለሐውልትነት የምቀርበው እኔ ነኝ። ፈንታው የሚባለው ወጣት ባለሙያ ቅጽ አደለን። የሐውልቱ ስም፣ የቆመበት ዓመተ ምሕረት፣ ያቆመው አካል፣ አሁን ያለበት ሁኔታ ይላል። ቅጹን አየሁና ሳቄ መጣ።

«ምነው መምህርት ይታይሽ?» አለኝ ፈንታው።

«ምንም። ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በስድሳ ሰባት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴን ላስገድለው ምንም አልቀረኝም።»

የቀለድኩ መሰለው። እኔ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያመንኩት ይህንኑ ነበር።

በዚያ ዓመት እኛ አካባቢ ስለ ረሀብ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይራብ ስለነበር ወሬ አይሆንም። ሁለት በልግ ተከታትሎ ከሽፎብን ነበር። አባቴ አባተ በሬዎቻችንን ወረኢሉ ገበያ ወስዶ ሸጧቸዋል፤ የቀረችን አህያዋ ብቻ ናት። እናቴ አልታዬ በቀን አንድ ጊዜ የባቄላ ንፍሮ በጭብጧ እየለካች ታድለናለች። የአራት ዓመቱ ወንድሜ ቸኮል የራሱን ጨርሶ የእኔን እጅ ያያል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እበላለሁ። ይህንን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ከተማው ውስጥ አልፎ አልፎ የእርዳታ ስንዴ ይታደላል ይባላል። አባቴ ግን ወረፋ ላይ ከመቆም ሞት ይሻለኛል የሚል ሰው ነው። ደግሞም እህል ጫኙ መኪና ደጎሎ ላይ ተበላሽቶ ቀረ የሚል ወሬ ከስንዴው ይልቅ ቶሎ ይደርሳል።

ቤታችን ከከተማው ዳር ነው። ከጓሯችን በኋላ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ማዶ የእመት ይርገዱ ቤት። መሬታቸው ምንጭ ስላለበት እየጠለፉ ያጠጡታል፤ በዚያ ክፉ ቀን እንኳ ጎተራቸው ባዶ አልነበረም። እኛና እነሱ ግን እሳት አንጫጫርም ነበር። እናቴ ውኃ ስትቀዳ እመት ይርገዱን ካየች ማድጋዋን አስቀምጣ እስኪያልፉ ትጠብቃለች። እኔ ይህ ሁሉ እነሱ ሀብታም እኛ ድሃ ስለሆንን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። በሜዳው መሀል ከእኔ ወገብ የማይበልጥ፣ ሽበት ያበቀለ አንድ ድንጋይ ቆሟል። አባቴ በአጠገቡ ሲያልፍ ዱላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ ያዛውራል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «እለፊ» ብቻ ነው የሚለኝ።

በጥር ዘማቾቹ መጡ። እድገት በኅብረት የሚሉት ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩና ከሰዓት በኋላ ያስተምሩን ጀመር። የእኛ ክፍል አስተማሪ ስማቸው የሚባል ዘማች ነው። ፀጉሩ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቆሟል፤ ሱሪው ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል። ሲያስተምር ይሮጣል፤ ሲስቅ ይጮኻል፤ ሲራብ ግን እንደ እኛው ዝም ይላል።

አንድ ቀን «በከተማችሁ ከሁሉም ያረጀ ሐውልት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀን። ሐውልት ምን እንደሆነ በቅጡ የምናውቅ አልነበርንም።

«ሐውልት ማለት ሰዎች አንድ ነገር እንዳይረሳ ብለው ያቆሙት ነው። ንጉሥ ብቻ አይደለም የሚያቆመው። ሰፊው ሕዝብም ያቆማል። ሂዱና ፈልጉ። ከሁሉ ያረጀውን ላገኘ አንድ ሙሉ ከረጢት ፋፋ እሸልማለሁ።»

ያን የሕፃናት ገንፎ ዱቄት፣ ፋፋ ሲል ክፍሉ ውስጥ የነበረው ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ምራቁን ዋጠ። እኔ ከረጢቱን ተሸክሜ ቤት ስገባ፣ ቸኮል ሲሮጥ፣ እናቴ ምጣዱን ስትጥድ እዚያው ቁጭ ብዬ ታየኝ።

በሦስት ቀን ውስጥ ከተማችን ውስጥ ያልተገለበጠ ድንጋይ አልቀረም። አንዱ የባንዲራው እንጨት የተተከለበትን ሲሚንቶ አገኘ፤ ጎኑ ላይ ፲፱፻፴፭ የሚል ቁጥር አለበት። ሌላው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጠመንጃ የተሳለበት መቃብር አለ ብሎ መጣ። ሌላዋ የቦኖውን ግንብ ጠቆመች። አንዱማ አያቱን እጃቸውን ይዞ አመጣቸው፤ «ከእሳቸው በላይ ያረጀ የለም» አለ። ስማቸው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ውኃ ሰጣቸው።

እኔ የሜዳውን ድንጋይ ተናገርኩ። «ጽሑፍ አለው?» አለኝ። የለውም። «ሰው ያቆመው መሆኑን በምን አወቅሽ?» ቁመቱን በእጄ አሳየሁት። «ሳላየው አልመዘግበውም፤ ይህን ሳምንት ደግሞ ስብሰባ አለብኝ» አለ። እንግዲህ እሱ ወደ ድንጋዩ ካልሄደ ድንጋዩ ወደ እሱ ይምጣ አልኩ።

ሐረግ የምትባል ጓደኛዬን ከፋፋው ግማሹን እሰጥሻለሁ ብዬ አሳመንኳት። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የአባቴን ዶማና አህያዋን ወሰድን። ፀሐይ ገና ጠንካራ ነበረች። አባቴ ከተማ፣ እናቴ ወንዝ ወርደዋል። መሬቱ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። በየተራ ቆፈርን። ሁለት ጊዜ አቅቶን ተቀመጥን፤ ሐረግ እጇ ተልጦ አለቀሰች። መጨረሻ ላይ ገመድ አስረን አህያዋ ስትጎትት እኛ ከኋላ ስንገፋ ድንጋዩ ወደ ጎን ተኛ።

ከሥሩ በቆዳ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ፈትቼ ሳየው የዛገ ቢላዋ ነው። ሐረግ ቢላዋውን ስታይ «ያረቢ!» ብላ ሮጠች። እኔ ቆዳውን እንደነበረ ጠቅልዬ በቀሚሴ ውስጥ ከተትኩትና ድንጋዩን በአህያ እያስጎተትኩ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። አስተማሪያችን ስማቸው በግቢው አልነበረም። ከባንዲራው ሥር ጥዬው ተመለስኩ።

አባቴ ከእኔ በፊት ቤት ገብቶ ጠበቀኝ። ሜዳው ላይ ጉድጓዱን አይቷል። እንደምመታ አውቄ ነበር፤ አልመታኝም። መደቡ ላይ አስቀመጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ከሥሩ ምን ነበረ?»

ቢላዋውን አውጥቼ ሰጠሁት። ቆዳውን ገለጠና ወዲያው መልሶ ሸፈነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ደሙን ቀሰቀስነው፣ አልታዬ» አላት። «የገዳይ ቤት ድንጋዩን ነቀለ ይባላል። ሕፃን ነች ብትይ ማን ያምናል?»

በዚያች ምሽት የሰማሁትን ቁርጥራጭ ገጣጥሜ አንድ ነገር ተረዳሁ። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ የእመት ይርገዱን ባል በዚያ ቢላዋ ገድለውት ነበር። ምክንያቱ የምንጩ ውኃ ነው። ሽማግሌዎች ደሙን ካደረቁ በኋላ ቢላዋውን ቀብረው ድንጋዩን በላዩ ተከሉበት። ድንጋዩ ከተነቀለ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። እኔ የተረዳሁት ይህን ያህል ነው፤ ይህን ያህሉም ልክ ነበር። ስህተቴ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለት ቀን አባቴ ከቤት አልወጣም። በበሩ ቀዳዳ ሳይ የእመት ይርገዱ ልጅ ሞላ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ምንጩ አጠገብ ይመላለሳል። አባቴን እየጠበቀው ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሞላ ከዚያ በፊትም በየቀኑ እዚያው ይቆም እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የሚጠብቀው እሸቱን ነበር፤ በረሀብ ዘመን እሸት ይሰረቃላ። እኔ ያን ሰሞን ዓይኔ አዲስ ስለሆነ ጠመንጃውን ያኔ ገና አየሁት።

በሦስተኛው ቀን አበጋር ቢተው መጡ። አበጋር ማለት በእኛ አገር ደም የሚያደርቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ቃላቸውን የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ሜዳው ዳር ከወይራው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። እኛ በዚህ በኩል፣ እነ እመት ይርገዱ በዚያ በኩል። ልጆች እንዳይቀርቡ ቢባልም እኔ ከእናቴ ነጠላ ሥር ነበርኩ።

አባቴ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ድንጋዩን አንገቱ ላይ ተሸክሞ መጣ። ጫማውን አውልቋል፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሯል። ሦስት ጊዜ ቆመ። በረሀብ የከሳው አንገቱ ከድንጋዩ ሥር አይታይም ነበር። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ድንጋዩን እኔ ነቅዬ እሱ ተሸከመው።

«ማን ነቀለው?» አሉ አበጋሩ።

«ከእኔ ቤት ወጣ» አለ አባቴ። ስሜን አልጠራም።

ከኋላ ግርግር ሆነ። ስማቸው በዚያ ሰፊ ሱሪው እየሮጠ መጣ። «አባቶች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷን ሐውልት ፈልጊ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት አበጋሩ።

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ።»

«አዲስ አበባ አባት ይሆናል እንዴ? በል፣ ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ተሸከም።»

ድንጋዩን ከአባቴ ትከሻ አውርደው በስማቸው ትከሻ ላይ ጫኑት። ዘማቹ እየተንገዳገደ ሸንጎውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሱሪው እሾህ ላይ ተይዞ ከጉልበቱ ድረስ ተቀደደ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ያን ጊዜ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

እመት ይርገዱ ተነሡ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ቁመታቸው ከሴቶቹ ሁሉ ይበልጣል።

«መሐላዬን የሰማችሁት ሁሉ እዚህ አላችሁ» አሉ። «ይህ ድንጋይ እስከ ቆመ ድረስ ብዬ ነበር።»

«ብለው ነበር» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አሁን ቆሟል?»

«አልቆመም።»

«እንግዲያው ከመሐላዬ ወጥቻለሁ።»

ከመሐላዬ ወጣሁ ማለት ልንገድላችሁ እንችላለን ማለት ነው ብዬ የአባቴን ጀርባ አየሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ድንጋዩ እንደገና ከመተከሉ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ልጅቱን ስጡኝ።»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ቀና አለ። «እመት፣ እኔ ለማኝ አይደለሁም» አላቸው። ይህ ንግግሩ ምንም አልገባኝም።

«ለምነኝ መች አልኩህ? ካሳዬን ነው የጠየቅሁ።»

አበጋሩ ጠጋ ብለው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት፤ እኔ «ገብሱ ሲደርስ» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። አባቴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የእመት ይርገዱ ቤት ሴቶች እጄን ይዘው በሜዳው አሻገሩኝ፤ ድንጋዩ ሲተከል አላየሁም፣ አዲሱ ቃል ሲነገርም አልሰማሁም።

ሐረግ ከዚያ በፊት ነግራኝ ነበር። የአክስቷ ልጅ ለደም እርቅ ተብሎ ለሟች ቤት ተድራለች፤ በአሥር ዓመቷ። ሰርግ የሚደረገው ደግሞ እህል ሲገባ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እመት ይርገዱ ቤት ለትዳር የሚሆን አንድ ወንድ ብቻ አለ፤ የሞላ ልጅ ንጉሡ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ንፍጡን በእጅጌው ይጠርጋል፤ እጅጌው ከዚያ የተነሣ እንደ ቆዳ ደርቋል። ዓለም ተደፋብኝ።

በዚያች ማታ በሶ በትልቅ ጣባ አቀረቡልኝ። እጄ ወደ ጣባው ሄደ፤ ከዚያ ሐረግ ሙሽራ ከሰርጓ በፊት ትቀለባለች ያለችኝ ትዝ አለኝና መለስኩት። ከስቼ ከቀጠንኩ አይድሩኝም አልኩ። ለነገሩ ከዚያ በላይ የምከሳበት ሥጋ አልነበረኝም። ጭብጦዬን ከቀሚሴ ሥር ደብቄ ለውሻው እሰጣለሁ። አገሩ በሙሉ እህል ሲያምረው እኔ የእመት ይርገዱን ውሻ አወፍር ነበር። ሆዴ ሲጮህ በቡጢ እመታዋለሁ።

እመት ይርገዱ አያናግሩኝም፤ ያዩኛል ብቻ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህ ምግብ አይስማማሽም?» አሉኝ። «ይስማማኛል» አልኩ። ከማግስቱ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጠው እስክውጥ ይጠብቁኝ ጀመር። ይህም ጥርጣሬዬን አጸናው።

እናቴ በየእሑዱ ባዶ አገልግል ይዛ ትመጣለች። ስትሄድ አገልግሉ ሞልቷል፤ አንዳንዴም በጀርባዋ አንድ ቁና ገብስ ታዝላለች። እመት ይርገዱ «የልጅቱ ድርሻ ነው» ሲሏት እሰማለሁ። እናቴ በየሳምንቱ እኔን በቁና እየሸጠችኝ እንደሆነ አመንኩ። አንዴ ቸኮልን ይዛው መጣች፤ ጉንጩ ሞልቶ፣ በእጁ ቂጣ ይዞ። እሱን ሳይ ልቅሶዬን ዋጥኩት። ቢያንስ አንዳችን ጠግበናል አልኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ለእኔ ቀሚስ እየተሰፋ እንደሆነ ሰማሁ። በዋዜማው ቅዳሜ ጠዋት እመት ይርገዱ አስቀምጠው ራሴን በቅቤ አሹኝ፤ የሞላ ሚስት ሹሩባ ሠራችኝ። ከዚያ ቀሚሱ ወጣ። ነጭ ነው፤ ከታች ጥለት አለው። በዕድሜዬ አዲስ ቀሚስ ለብሼ አላውቅም። ንጉሡ በር ላይ ቆሞ አየኝና ሣቀ። ገብሱ አልደረሰም፤ ሰርጉን ግን አስቀድመውታል አልኩ። ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና ወደ ሜዳው ሮጥኩ።

ድንጋዩ ከነበረበት ቦታ ተተክሏል። አንዴ ሲነቀል እርቁ ከፈረሰ፣ ሁለተኛ ከተነቀለ ይህኛውም ውል ይፈርሳል ብዬ በጥፍሬ መቆፈር ጀመርኩ። ነጩ ቀሚስ አፈር በአፈር ሆነ። ትንሽ እንደቆፈርኩ የሞላ ጥላ አረፈብኝ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው።

«ምን ልትሆኚ ነው፣ ይታይሽ?» አለኝ።

«ንጉሡን አላገባም» አልኩት። «ግደለኝ እንጂ አላገባም።»

ሞላ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ከጎኑ አስቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሣቀ። «ንጉሡን ማን ያገባዋል? ንፍጡን መጀመሪያ ይጥረግ» አለኝ። ከዚያ አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝና ወደ ቤት ወሰደኝ።

ለእናቱ ሲነግራቸው እመት ይርገዱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሣቁ መስሎኝ ነበር፤ ነጠላውን ሲያነሡ ዓይናቸው ቀልቷል። ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ።

«አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። ላስበላሽ ነው ያመጣሁሽ። ገብሱ ሲደርስ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ። እስከዚያ ብይ። ሌላ ምንም የለም።»

«እውነትዎን ነው?»

«በዛሬው ቀን እዋሻለሁ?»

ያን ዕለት የነበረኝን እፎይታ በቃል ልገልጸው አልችልም። መጀመሪያ የተናገርኩት «ርቦኛል» የሚል ነበር። ጾም መሆኑ ትዝ ያለው ማንም አልነበረም። ሽሮውን ጨረስኩ፣ ቂጣውን ጨረስኩ፣ ንፍሮውን ጨረስኩ፤ ውሻው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ዋለ፤ ምንም አላገኘም።

በማግስቱ አባቴ፣ እናቴና ቸኮል በሜዳው ተሻግረው መጡ። አዲሱ ቃል ይህ ኖሯል፤ ድንጋዩ እስከ ቆመ ድረስ ሁለቱ ቤት ፋሲካን በአንድ ገበታ ይፈስካል። አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። ሞላ ወጥቶ ክንዱን ይዞ አስገባው። እመት ይርገዱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አባቴ አፍ ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየ። አባቴ ተቀበላቸውና ብዙ ጊዜ አኘከው፤ ከዚያ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን።

ካሳ የሚለው ቃል ምን እንደሠራ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ልጅህን ላብላልህ ቢሉት አባቴ በሩን ይዘጋባቸው ነበር። ካሳ ስጠኝ ሲሉት ግን ባለዕዳ የሆነ ወንድ ክብሩን ጠብቆ ይሰጣል። ልጁን ሰጠ፣ ልጁ ጠገበች፤ የልጁ ድርሻ ተብሎ ቤቱም ጠገበ። አንድም ሰው ምጽዋት የሚል ቃል አልተነፈሰም። በሰኔ መጨረሻ በልጉ ያዘልንና ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ከእመት ይርገዱ ቤት ስወጣም አልቅሼአለሁ።

ፋፋውን የወሰደው የባንዲራውን ሲሚንቶ ያገኘው ልጅ ነው። በትክክል ይገባዋል። ያ ሽበታም ድንጋይ የተተከለው በሠላሳ ሰባት ነው፤ ከሲሚንቶው በሁለት ዓመት ያንሳል። ባለፈው ዓመት ፈንታውን ሜዳው ድረስ ወስጄ ይህንኑ ስነግረው እስክሪብቶውን አነሣ።

«ጥንታዊ አይደለማ፣ መምህርት።»

«አይደለም። ግን ጻፈው።»

«አሁን ያለበት ሁኔታ ምን ልበል?»

«ላም ትታከክበታለች በል።»

ጻፈው። በዚያ ቀን ግን የነገርኩት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔም ራሴ ያወቅሁት በሰማንያ አንድ ነው።

በዚያ ዓመት ደሴ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሥራ ጀምሬ ነበር። እመት ይርገዱ ዓይናቸው ደክሞ ቤት ውለዋል ሲሉኝ ስኳርና ሳሙና ይዤ ሄድኩ። በድምፄ ለዩኝ። ስንጫወት ቆየንና ለዓመታት የከበደኝን ነገር አወጣሁት።

«እመት፣ ያን ድንጋይ መንቀሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለአንድ ከረጢት ፋፋ ብዬ አባቴን ላስገድለው ነበር።»

ወደ በሩ፣ ወደ ሜዳው በኩል ዞሩ።

«ባሌ ሲሞት የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ» አሉኝ። «በንዴቴ ማልኩ። ይህ ድንጋይ እስከ ቆመ ድረስ የእኔ እህል በገዳይ ቤት ጉሮሮ አይወርድም ብዬ በወንጌል ላይ ማልኩ። ያኔ መማል ቀላል ነበር። በዚያ ክፉ ዓመት ግን ማታ ማታ የወንድምሽ ልቅሶ ከዚህ ይሰማኝ ጀመር። ርቦት ሲያለቅስ። እህሌ ጎተራ ውስጥ ነው። ቄሱን ጠየቅኋቸው፤ መሐላ መሐላ ነው አሉኝ። ድንጋዩን በእጄ ብነቅለው መሐላ ማፍረስ ነው፤ በልጄ ባስነቅለውም ያው ነው። ጆሮዬን ይዤ አድር ነበር።»

«ታዲያ…»

«ታዲያማ አንቺና ያች ልጅ ከአህያ ጋር መጣችሁ። አውድማው ላይ ነበርን። ሞላ ሊከለክላችሁ ተነሣ። ክንዱን ይዤ አስቀመጥኩት። ‹ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው› አልኩት።»

እኔም ወደ ሜዳው ዞርኩ።

«ሁለት ጊዜ አቅቷችሁ ስትቀመጡ ትተውት ይሄዳሉ ብዬ ሰጋሁ። ተንበርክኬ፣ አምላኬ ሆይ ለእነዚህ ልጆች ትንሽ ጉልበት ስጣቸው አልኩ። ድንጋዩ ሲወድቅ አውድማው ላይ እልል እንዳልል ነጠላዬን ነከስኩ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ከነገርኩሽማ እኔ አስነቀልኩት ይሆናል። መሐላ እኮ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አርጅቻለሁ። እግዜሩም ያውቀዋል» አሉና ሣቁ።

እኔም ሣቅሁ። ሣቄ ወደ ልቅሶ ሲዞር እመት ይርገዱ በዳሰሳ ራሴን አገኙትና ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ዳበሱኝ።